የአጵሎስን የልደት ሰዓት ለመማረክ ስለተደረገው ዘመቻ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ በይ፣ ስልክሽንም ገልብጪው። የሚነገርሽ ሐሜት አይደለም፣ ዜና መዋዕል ነው፤ እየሳቅሽ ካቋረጥሽ ከመዝገብ ትሠረዣለሽ።

ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ ረገብ ባለ በሁለተኛው ዓመት፣ ስፓዛ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ሁሉ ይመዝገብ ተብሎ አገር ሰልፍ ላይ በዋለ ማግስት፣ በዘመነ ፊቤ፣ ማትሪክ ባለፈች በዓመቷ (የሒሳቡን ውጤት አትጠይቂ)፣ በወርኃ ጁን፣ በዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ ሰፈራችንን ዳቬይተንን እንደ ፍሪጅ በዘጋባት ሰሞን፣ ወለተ ዱካሞ፣ እኅተ አጵሎስ፣ ዓቃቤ ሳርዲን፣ ኤርታይም፣ ማለትም የስልክ ካርድ፣ ሻጭ፣ የፈረስ ስሟ አባ ጎትጉት (ፈረስ የላትም፤ የአባቷ የጭነት መኪና፣ ባኪዋም ብትሆን በግፊ ነው የምትነሳው)፣ እሷ ፊቤ ለታላቅ ዘመቻ ታጥቃ ተነሳች።

ዘመቻው ደግሞ አገር ለመያዝ አይደለም። አንዲት ሰዓት ለመያዝ ነው። ታላቅ ወንድሟ አጵሎስ ስንት ሰዓት ላይ እንደተወለደ ከገዛ እናቷ አፍ ማውጣት። በቃ። ቀላል መሰለሽ አይደል? እሺ ቆይ።

ነገሩ የተጀመረው በሳል ነው። አጵሎስ ወልደ ዱካሞ፣ አንድ ክረምት ሳል ይዞት፣ ቤኖኒ ሄዶ፣ ሽሮፕ ሊገዛ አንዲት ፋርማሲ ገብቶ፣ ቲሩሻ ፒላይ የምትባል ታሚል፣ የሕንድ ዘር የሆነች ልጅ ካውንተሩ ጋ ቆማ አየና፣ ሳሉ በሳምንቱ ቢሻለውም እሱ ግን ዓመት ሙሉ ሲያስል ኖረ። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ሽሮፑን ነጥቃ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችው፤ ተዋደዱ። የቲሩሻ ቤተሰብ አክተንቪል ነው የሚኖረው፣ ታሚሎቹ የሚበዙበት ሰፈር፤ እናትና አባቷ እንደኛ ጴንጤዎች ናቸው፣ ያውም ከበሮ መቺዎቹ ዓይነት። የአጵሎስና የፊቤ እናት ወይዘሮ ደስታነሽም ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ጌታ ነው ያገናኛቸው» ብለው አወጁ፤ አባትየው አቶ ዱካሞም፣ መስፍነ ስፓዛ፣ ሱቃቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት እንደ ግንብ የቆመች፣ «እኛም አሜን» ብለው አወጁ።

ግን በአክተንቪል አንዲት ንግሥት ነበረች።

ትልቋ ሚስስ ፒላይ፣ የቲሩሻ አያት፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በወርቅ አምባር የታጠረ፣ ልጆቻቸው ጴንጤ ሲሆኑ እሳቸው «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ብለው ከጥንት አማልክቶቻቸው ጋር የቀሩ ሴትዮ፣ አምባራቸውን አንኳክተው እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦ «የሁለቱ ጃታካም ሳይታይ ማንም ማንንም አያገባም! የአዲ ወር ሊገባ ነው፣ በአዲ ሰው አይዳርም፤ ከዚያ በፊት አምጡ!» ጃታካም ማለት፣ አንቺ በተወለድሽባት ደቂቃ ፕላኔቶቹ ሰማይ ላይ የት የት እንደነበሩ አሥራ ሁለት ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ማለት ነው። የወንዱና የሴቷ ጎን ለጎን ይቀመጥና አሥር ነገር ይመዘናል፤ ጤና፣ ሀብት፣ ልጅ፣ ፍቅር፣ ዕድሜ፣ ብቻ ኢንሹራንስ ሊሸጥልሽ የመጣ ሰው የሚጠይቅሽን ሁሉ። ጴንጤዎቹ የቲሩሻ እናትና አባትስ? «እኛ በዚህ አናምንም» ብለው አወጁ፤ ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ለማንኛውም ይታይ» ብለው አወጁ።

አጵሎስም የጥገኝነት ወረቀቱን ለኮከብ ቆጣሪው ላከ። ኮከብ ቆጣሪው ጋራዣቸውን ቢሮ አድርገው፣ ላፕቶፕና የአማልክት ምስል ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀቱን አዩት፣ መነፅራቸውን ጠረጉት፣ እንደገና አዩት፣ ከዚያም ይህን አዋጅ አወጡ፦ «ጃንዋሪ አንድ! የመኖሪያ ወረቀታችን መቼ ይወጣልናል ብለው በጓሮ በር የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ አሉኝ፤ ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለዱት! እናንተ አገር ሴት ሁሉ ተቀጣጥራ ነው የምትወልደው? ቀሪውን ዓመት አዋላጆቻችሁ ምን ይሠራሉ?» (በጓሮ በር ከሚመጡት መካከል ሁለት መዘምራን እንዳሉ ይነገራል፤ ስማቸውን ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ታሪክ ጸሐፊ ጨዋ ነው።)

ወእምዝ፣ ማለትም ከዚያ ቀጥሎ፣ ምክር ቤት ተቀመጠ። ምክር ቤቱ የባኪዋ ኋላ ነው። አፈ ጉባኤዋ እትዬ ፀገነት፣ የእናትየው የአክስት ልጅ፣ ሠርግ በሩቅ የሚሸታቸው፣ ያልተጠሩበት ድግስ ላይ ድስት የሚያማስሉ፣ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ሰዓት ማለት ቲማቲም ማለት ነው! ጥሩ ጥሩውን ከላይ ደርድሩላቸው! ማን ሊያገላብጠው ነው? በሉ፣ እሁድ፣ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል በሏቸው!» አጵሎስም የተጨነቀ ሰው ነውና አሜን አለ፤ ፊቤም የእሁዱን ንጋት አሳምራ ጽፋ፣ በታክሲ ተጋፍታ፣ አክተንቪል፣ ኮከብ ቆጣሪው ላፕቶፓቸውን ይዘው ወደተጠሩበት የፒላዮች ቤት አደረሰች።

ላፕቶፑ ሲያስብ ቆየ። ኮከብ ቆጣሪው ድንገት ብድግ አሉና፦ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰማይ አይቼ አላውቅም! ይህ ልጅ እንከን የለውም! ከአሥሩ ሊገጥም ያልቻለ ቢኖር አንድ ነው!» ፊቤ እልልታዋን ልትለቀው አፏን ከፈተች፤ ከፍታም ቀረች፤ ምክንያቱም ትልቋ ሚስስ ፒላይ ቁጭ ብለው፣ የሳሪያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ስበው፣ ማልቀስ ጀምረው ነበር።

ለካ ቲሩሻ ላይ ማርስ አለባት። ሴቫይ ዶሻም ይሉታል እነሱ፤ ስትወለድ ማርስ የማይሆን ሳጥን ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላ ተገኘች። እንዲህ ያለባት ልጅ ንጹሕ ወንድ ካገባች ባሏ አይበረክትም ይባላል፤ ማርስ ያለበት ወንድ ካገባች ግን ሁለቱ ማርሶች እርስ በርስ ይጣሉና ባልና ሚስቱን ይተዉአቸዋል። ስለዚህ ሦስት የታሚል ቤተሰብ ለሽምግልና መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሳጥኗን አይቶ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄዷል። አንዱማ ብስኩቱን በናፕኪን ጠቅልሎ። እና ያ ሁሉ ቆንጆ ቆንጆ ቲማቲም፣ ያ ሁሉ የእሁድ ንጋት፣ ልጁን አራተኛ ሸሺ ሊያደርገው ነው። ሲፈልጉ የነበሩት የተበላሸ ልጅ ነው!

ቲሩሻ የፋርማሲ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ ጋ ቆማ ነበር። የሻይ ትሪ ይዛለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ትሪውን ይዛ ወደ ኩሽና ተመለሰች፣ የለመደችው ነገር ይመስል። ፊቤ ያን የጀርባዋን አኳኋን አይታ፣ እዚያው ቆማ፣ አዋጅ አስነገረች፦ «ሰዓቱ የውሸት ነው! አክስታችን ናቸው የመረጡት! እውነተኛውን አመጣለሁ!» ሚስስ ፒላይም ከሳሪያቸው ሥር አንድ ዓይናቸውን አውጥተው መለሱ፦ «አዲ ሳይገባ አምጪ፣ አንቺ ልጅ! መጥፎ እንዲሆንም ጸልይ!»

እና እንዲህ ሆነ፤ እህት ወንድሟ በክፉ ሰዓት የተወለደ ይሁንላት ብላ ጾም ጸሎት ያዘች። እንዲህ ዓይነት ስለት በየትኞቹ ነገሥታት ዘመን ተሰምቶ ያውቃል?

ሠራዊቷም ይህ ነበር። በቀኝ ክንፍ አጵሎስ፣ ጥፍሩን እየበላ፤ በግራ ክንፍ እትዬ ፀገነት፣ የመረጡት ሰዓት ተጋልጦባቸው አኩርፈው፤ ከፊት «ካሽ» የሚሏት የሱቁ ድመት፤ ከኋላ ደጀን ጎጎ የምንላቸው የጎረቤት አሮጊት፣ ግማሽ ዳቦ በዱቤ ለመውሰድ መጥተው ነገሩ ጥሟቸው የቀሩ፤ ከሩቅ ደግሞ፣ ከትሮይቪል፣ በድምፅ መልእክት የምትዘምት፣ ሊቀ መማክርት ራውዳ፣ የፊቤ የልብ ጓደኛ፣ ዳታ ሲያልቅባት ብቻ ዝም የምትል።

ጠላትስ? ጠላት የለም፤ እናት ናት። ወይዘሮ ደስታነሽ ምሽጋቸው ከሱቁ ካውንተር ጀርባ፣ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ ነው፤ ስኳር ይመዝናሉ፣ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ፊቤ በመጀመሪያ በፍቅር ሞከረች፤ ትከሻቸውን እያሸች አጵሎስ ስንት ሰዓት እንደተወለደ ጠየቀች። የተሰጣት አዋጅ፦ «ጌታ በፈቀደው ሰዓት!» ቀጥላ በዘዴ ሞከረች፤ የዩኒቨርሲቲ ፎርም ላይ ተጠየቅሁ አለች። የተሰጣት አዋጅ፦ «የወንድምሽን ሰዓት? አንቺ ልትማሪ ነው እሱ?» ቀጥላ በግልጽ ገባች፤ ስለ ኮከቡ ተናገረች። ያን ጊዜማ የስኳሩ ማንኪያ ፍርግርጉን መታ፦ «በቤቴ ጥንቆላ! ሰዓት ቆጣሪና ኮከብ ቆጣሪ አንድ ነው! ዳግመኛ ይህን ብትጠይቂኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናቱ ጋር ነው የማስቀምጥሽ!» «እሺ የት ተወለደ?» ሲባሉ ግን «ሆስፒታል ነዋ!» ብለው አወጁና፣ ይህንን ልብ በይ፣ አቧራ የሌለበትን የሳርዲን ቆርቆሮ መወልወል ጀመሩ። ፊቤ አየች። አየችና ዝም አለች፤ አባ ጎትጉት ዝም ስትል ደግሞ ልትፈሪ ይገባል።

የአዲ ወር ተቃረበ። አጵሎስ መብላት አቆመ፤ ማሳልም ጀመረ፣ በዚህ ጊዜ ያለ ምክንያት። ያን ጊዜ ከትሮይቪል ምክረ ራውዳ ደረሰ፣ እንዲህ የሚል፦ «ስሚ አንቺ ሞኝ! እናት ስትጠየቅ አትናገርም፤ ፊቷ ላይ ተሳስተሽ ስታወሪ ግን ዝም ማለት አትችልም! የኔ እናት ሲም ካርዷ የተቆለፈበትን ቁጥር እንኳ እንዲህ ነው ያወጣኋት!»

ስለዚህ በዕለተ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የጸሎት ቡድኑ በሙሉ በአቶ ዱካሞ ቤት ተሰብስቦ፣ ዶሮ በእጅ፣ ፋንታ በጉልበት ላይ ሆኖ ሳለ፣ (ይህንንም እወቂ፤ አቶ ዱካሞና ወይዘሮ ደስታነሽ በቤተ ክርስቲያኑ ለእጮኛሞች የጋብቻ ትምህርት የሚሰጡ፣ «እንደነሱ ሁኑ» እየተባለ የሚጸለይባቸው ባልና ሚስት ናቸው)፣ ፊቤ የስኒውን ትሪ እንደ ጋሻ ይዛ መካከል ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንዲህም ብላ አወጀች፦ «ስሙ፣ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ! ወንድማችን አጵሎስ ጃንዋሪ አንድ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሆስፒታል፣ በተነጠፈ አልጋ ላይ፣ ምጥ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ነው የተወለደው! እማዬ ምንም አልደከማትም!»

ወይዘሮ ደስታነሽ ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

«ሹልክ?» ብለው አወጁ። «ማነው ሹልክ ያለው? ወልጄው የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ ወረቀቱ? ሚያዝያ ነው! የፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ ነው! ከጠዋት ጀምሬ ወገቤ ተቆርጦ፣ ከቀኑ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ የዱራሜዋ አውቶቡስ ክላክሷን ስትለቀው እሱም ለቀቀው፤ የሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ በሙሉ የትኛው አውቶቡስ የትኛው ልጅ እንደሆነ ግራ ገባው! ምን ሆስፒታል ትላለች፣ ትኬት መቁረጫው ክፍል ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ነው የወለድኩት! አንድ እግሬ እኮ አውቶቡሷ ላይ ነበር!»

ፊቤ ከትሪው ሥር እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ «ማክሰኞ፣ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች። ድል! ግን ለማጨብጨብ ጊዜ አላገኘችም፤ አጥንት የሚግጥ እንኳ አልነበረም፣ ሁሉም የሚያየው አቶ ዱካሞን ነው። አቶ ዱካሞም የዶሮውን እግር ሳህን ላይ መልሰው፣ በቀጭን ድምፅ፣ ይህን አዋጅ አወጡ፦

«ስኳር ልገዛ ሄጄ ምጥ ያዘኝ ነው ያልሽኝ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ የፔርሙሱን ክዳን ማጥበቅ ጀመሩ።

«ዱራሜ የእናትሽ አገር ነው፣» ብለው አወጁ አቶ ዱካሞ። «ስኳር ለመግዛት አንድ እግር አውቶቡስ ላይ ምን ይሠራል?»

የሸሸ ጦር ወይ ይማረካል ወይ ዞሮ ይዋጋል፤ ወይዘሮ ደስታነሽ ዞሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ በጸሎት ቡድኑ ፊት፣ በጋብቻ ትምህርቱ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ፊት፣ እንዲህ አወጁ፦ «አዎ! ትቼህ ልሄድ ነበር! ያኔ ከእናትህ ሌላ የምትሰማው ሰው ነበር? ሻንጣዬን አሰርኩ፣ ትኬት ቆረጥኩ፤ ይኸ ነገር አይሆንም፣ ኮከባችን አልገጠመም ብዬ!»

ኮከባችን አልገጠመም! አየሽልኝ? ሰዓት የጠየቀች ልጃቸውን ጠንቋይ ያሏት፣ ማንኪያ ያስጮኹባት ሴትዮ፣ ለራሳቸው ጊዜ ያችኑ ኮከብ አውጥተው ተጠቀሙባት። የጸሎት መሪው ፋንታ ትን አላቸው። ከእጮኛሞቹ አንዷ እጮኛዋን ዞር ብላ አየችው፣ ትንሽ በረጅሙ። ፊቤም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች፤ የወንድሟን ትዳር ላስመሠርት ብላ የእናቷን እንዳታፈርስ።

አቶ ዱካሞ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ፣ ማቆሚያው ጋ፣ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። እሳቸውም የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ ሲከተሉት ቆይተው፣ በመጨረሻ እንዲህ አወጁ፦ «የዚያች አውቶቡስ ሾፌር ይባረክ። በኛ አገር በሰዓቱ የወጣች አውቶቡስ ያቺ ብቻ ናት።» ወይዘሮ ደስታነሽም ፔርሙሱን አንስተው ሻይ ቀዱላቸው፤ ስኳር ስንት እንደሚያደርጉላቸው እያወቁ፣ «ስኳር ላድርግልህ?» ብለው አወጁ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጸሎት መሪው ብቻ አልሳቁም። እሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱን ማን እንደሚሰጥ እያሰቡ ነበር።

ከዚህ በኋላ ፊቤ ከዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሳ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት አደረገች፤ ሚያዝያ ነውና በዓመቱ ላይ ስምንት ጨመረች፤ ስንት ጀግና እዚህች ሒሳብ ላይ እንደወደቀ ታውቂያለሽ፣ እሷ ግን በመዳፏ አለፈችው። መዳፏንም ሳትታጠብ፣ ጓንት ለብሳ፣ ሰኞ ማለዳ አክተንቪል፣ የፒላዮች ቤት ገባች። ኮከብ ቆጣሪው መዳፏን አንብበው ላፕቶፑ ላይ መቱት። ላፕቶፑ አሰበ። ሽማግሌው መነፅራቸውን አወለቁ፣ ወደ ኋላም ተደገፉ፦ «ኧረ ይህ ልጅ! ማርስ ሰባተኛው ሳጥን፣ የትዳሩ ቤት ውስጥ ገብታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች! ከአሥሩም ስድስቱ በግድ ነው የገጠመው!»

ትልቋ ሚስስ ፒላይ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል የተባሉት ሴትዮ ሳይደገፉ ተነሱ፣ አምባራቸው እንደ ጸናጽል ጮኸ፦ «እንደኛ ልጅ ክፉ ነው! እንደኛው ክፉ! ቀለበቱ አዲ ሳይገባ ይታሰር!» ጴንጤዎቹ እናትና አባትም «እኛ በዚህ አናምንም» ብለው አወጁና ተቃቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ እትዬ ፀገነት ኩርፊያቸውን ትተው፣ ፊቤን በሱቁ ጓሮ ይዘው፣ ያ ኮከብ ቆጣሪ የሴት ልጅም ያይ እንደሆነ በሹክሹክታ አወጁባት።

ቲሩሻስ? ቲሩሻ ያን ሰኞ ትሪውን ይዛ መጣች። ለፊቤ ሻይ ቀዳች፤ ፊቤ ስትጨርስ ሳትጠይቃት ደግማ ቀዳች፣ አጠገቧም ተቀመጠችና ቀስ ብላ አወጀች፦ «እስከ ዛሬ ሁለተኛ ስኒ የጠጣ ሰው የለም።» ፊቤ ሻይ አትወድም፤ ሦስት ጠጣች።

ሰላም ለአንደበትሽ ፊቤ፣ «ሹልክ» ባለ ጊዜ የብረት ፍርግርግ ለናደው! ሰላም ለትሪሽ፣ ጋሻና ጠረጴዛ ለሆነው! ሰላም ለመዳፍሽ፣ ማክሰኞና ዘጠኝ ሰዓት ለተጻፈበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጓንት ውስጥ ላደረው! ንጹሐንን ያስናቅሽ፣ ጉድለትን በአደባባይ ያስከበርሽ፣ ወንድምሽን በማርስ ያዳንሽ፣ አባትሽን ከስኳር ወደ እውነት ያሻገርሽ፣ ወለተ ዱካሞ፣ እኅተ አጵሎስ፣ አባ ጎትጉት፣ ስምሽ ከዳቬይተን እስከ አይቮሪ ፓርክ ድረስ፣ ሳርዲን በሚደረደርበት መደርደሪያ ሁሉ ላይ ይጠራ!

ፊቤም ይህንኑ ውዳሴ፣ አንድም ሳትቀንስ፣ በድምፅ ቀድታ ለራውዳ ወደ ትሮይቪል ላከች፤ ራውዳም እስከ መጨረሻው ሰምታ የመለሰችው ቃል በቃል ይህ ነው፦

«እሰይ፣ ማሻአላህ፣ የነሱስ ገጠመ። ግን ፊቢዬ፣ አባትሽ አሁን አውቶቡስ ክላክስ ባደረገ ቁጥር እናትሽ ካውንተሩ ጋ መኖራቸውን ዞር ብለው አያዩም?»